«እኔ ጋ ይሰራል» እንዳይሆን፦ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የቢልድ መመሪያ እንዴት ይጻፋል፣ እንዴትስ ሳይበላሽ ይቆያል

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ላፕቶፑን አዝሎ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መጣ። የሀረጎን ዳገት በጭጋግ፣ በሚኒባስ። ያመጣው የኔ ሪድሚ ነው፤ ከኮዱ ጋር የሚቀመጠው መግቢያ ጽሑፍ። «ዲፔንደንሲዎቹን ኢንስቶል አድርጉ፣ ከዚያ ፕሮግራሙን አስነሱ» ይላል። በቃ፣ ሁለት መስመር። (ዲፔንደንሲ ማለት ፕሮግራሙ ለመስራት የሚፈልገው የሌላ ሰው ፓኬጅ ነው።) ልጁ «ጋሼ፣ እምቢ አለኝ» እያለ ሦስት ቀን በቴሌግራም ሲጽፍልኝ ከረመ። እኔም «አብሽር፣ እንደገና ሞክረው» እያልኩ ስመልስለት ነበር።

ፒያሳ ቁጭ ብለን ስናየው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ኡቡንቱ ላይ ፓይተን አብሮ ይመጣል፤ ቬንቭ የሚባለውን፣ የአንድ ፕሮጀክት ፓኬጆች ለብቻቸው የሚቀመጡበትን ክፍል፣ ለመፍጠር ግን ሌላ ፓኬጅ ለብቻው መጫን ያስፈልጋል። እኔ ከዓመታት በፊት ጭኜው ረስቼዋለሁ። የኔ ላፕቶፕ ያውቀዋል፣ የኔ ሪድሚ አያውቀውም።

የቢልድ መመሪያ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም የማድረሻ መመሪያ፣ ከጭንቅላት ከተጻፈ ሁልጊዜ እንዲህ ይጎድላል። ከባዶ ማሽን ላይ ነው መገልበጥ ያለበት። ከዚህ በታች ያለው እኛ አሁን የምንሰራበት አካሄድ ነው። ምሳሌዎቹ ከኛው ትንሽ ፕሮጀክት ናቸው፦ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደኛ የምትቀይር የፓይተን ላይብረሪ። በሌላ ቋንቋ የምትሰሩም ትዕዛዞቹን ብቻ ለውጡ፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ባዶ ማሽን። ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም) ላይ የተጫነ ኡቡንቱ 24.04 ይበቃል። የኡቡንቱ ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፣ ካለው ሰው በፍላሽ ውሰዱ። ጭናችሁ እንደጨረሳችሁ፣ ምንም ሳትነኩ፣ ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ቅጂ) ያዙ። ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ወደዚያው ትመለሳላችሁ።

እዚህ ላይ ሰው የሚሸወድበት ሁለት ነገር አለ። በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ አዲስ የተጠቃሚ አካውንት መክፈት ማሽኑን ባዶ አያደርገውም፤ ከዚህ በፊት ሲስተሙ ላይ የጫናችሁት ሁሉ ለአዲሱ አካውንትም ይታያል። የዶከር የፓይተን ኢሜጅም፣ ማለትም ቀድሞ የተሰናዳው የፓይተን ጥቅል፣ ባዶ አይደለም። ፓይተኑና ፒፑ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ቀድሞ ተዘጋጅቶበታል፤ ጀማሪ የሚወድቀው ደግሞ በትክክል እዚያ ላይ ነው።

የወረቀት ደብተር። ቀልድ አይደለም። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ላይ የነበረው ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል።

ፕሮጀክቱን የማያውቅ አንድ ሰው። አሁን አትጥሩት። ለመጨረሻው ደረጃ ይቆይ።

ደረጃ 1፦ የተበታተነውን ሰብስቡ

ሪድሚውን ከመክፈታችሁ በፊት የፕሮጀክታችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ትክክለኛው መመሪያ ያለው እዚያ ነው።

1. መፈለጊያው ላይ «እምቢ አለ»፣ «አልሰራም»፣ «ኢረር» እያላችሁ በየተራ ፈልጉ።
2. ለእያንዳንዱ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ ደብተር ላይ ጻፉ። «ኢንቦክስ ና» ተብሎ የተዘጋውን ደግሞ ሰውየውን ጠይቃችሁ አሟሉት።
3. ሁለቴ የተጠየቀውን ምልክት አድርጉበት። ሁለቴ የተጠየቀ ነገር መመሪያው ውስጥ የለም ማለት ነው።
4. ዊኪ፣ ጎግል ዶክ፣ ቻናል ላይ ፒን የተደረገ መልእክት ካለ ዝርዝሩን ያዙ። ስራው ሲያልቅ ሁሉም ተነስተው በምትካቸው አንድ ሊንክ ብቻ ይቀራል።

የመመሪያው ቤት አንድ ነው፦ ከኮዱ ጋር እዚያው ሪፖ (የፕሮጀክቱ ኮድ ማከማቻ) ውስጥ። ሁለት ቦታ ካስቀመጣችሁት አንዱ ይረሳል፤ ሰው የሚያገኘው ደግሞ የተረሳውን ነው።

ደረጃ 2፦ ባዶው ማሽን ላይ ራሳችሁ ውደቁ

አሁን ያለውን መመሪያ፣ መጥፎም ቢሆን፣ ከላይ ወደ ታች በባዶው ማሽን ላይ አስኪዱት። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ መመሪያው ላይ ያልተጻፈ ነገር አታድርጉ። እጃችሁ ያውቃል፣ ሳታስቡት ይጽፋል። ያዙት።

1. ትዕዛዙን ከመመሪያው ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ። በእጅ አትጻፉ። በእጅ ስትጽፉ ስህተቱን ሳታውቁት ታርሙታላችሁ።
2. ሲወድቅ ቁሙ። የኢረሩን የመጨረሻ መስመር እንዳለ ደብተር ላይ ገልብጡ።
3. መፍትሄውን ስታገኙ ያደረጋችሁትን ጻፉ። «አንድ ነገር ጫንኩ» አይደለም፤ የፓኬጁን ስም ከነቨርዥኑ።
4. ወደ ስናፕሾቱ ተመለሱና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

አራተኛው ላይ ሁሉም ሰው ያጭበረብራል። ካለበት መቀጠል ይቀላላ። ግን ሦስት ነገር ሞክራችሁ አራተኛው ከሰራ፣ ከቀደሙት ሦስቱ የትኛው እንደረዳ አታውቁም። አንዴ በዚህ መንገድ ምንም የማይጠቅም ፓኬጅ ሪድሚያችን ላይ ለወራት ተቀምጦ ነበር። ማን እንዳስገባው ስንጠያየቅ እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ደብተሬን አሁን ገለጥ ሳደርገው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሉት ሁለት ውድቀቶች እነዚህ ናቸው። አንደኛው ከላይ የነገርኳችሁ ቬንቭ ነው። ኢረሩ «ኢንሹርፒፕ የለም» ይላል፣ መፍትሄውንም ራሱ ከስሩ ይጽፋል፤ ሰው ግን ቀይ ካየ በኋላ አያነብም። ሁለተኛው «ይህ አካባቢ በውጭ የሚተዳደር ነው» የሚል ትርጉም ያለው ኢረር ነው። ኡቡንቱ 24.04 ላይ ከቬንቭ ውጭ በፒፕ ለመጫን ስትሞክሩ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ «ይህን ቃል ጨምሩና በግድ ጫኑ» የሚል ምክር ታገኛላችሁ። አትስሙት። የሲስተሙን ፓይተን ያበላሻል። መመሪያችሁ ቬንቭ መፍጠርንና ማብራትን ከመጫኑ በፊት ማስቀደም አለበት፤ ያኔ ኢረሩ ጭራሽ አይመጣም።

ደረጃ 3፦ ቨርዥኖቹን ቆልፉ

«ፓይተን ያስፈልጋል» ብሎ ነገር የለም። የትኛው? ኡቡንቱ 22.04 ላይ የሚመጣው 3.10 ነው፣ 24.04 ላይ ደግሞ 3.12። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን 3.12 ላይ ዲስትዩቲልስ የሚባለው ክፍል ከፓይተን ወጥቷል። አዲስ ቬንቭ ስትፈጥሩም ሴትአፕቱልስ አብሮ መግባቱ ቀርቷል። ስለዚህ በ3.10 ለዓመታት የሰራ ቢልድ 3.12 ላይ «እንዲህ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ይቆማል። ኮዱን ማንም አልነካውም። ማሽኑ ነው የተቀየረው።

1. የሞከራችሁበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተምና የቋንቋውን ቨርዥን መመሪያው አናት ላይ ጻፉ። «ከዚህ በላይ ሁሉ ይሰራል» አትበሉ። ያልሞከራችሁትን አታውቁም።
2. በቀጥታ የምትጠቀሙባቸውን ዲፔንደንሲዎች በአንድ ፋይል፣ ሙሉውን የተቆለፈ ዝርዝር በሌላ ፋይል አስቀምጡ። የመጀመሪያውን ሰው ይጽፈዋል። ሁለተኛውን መሳሪያ ያመነጨዋል፤ ለፓይተን ፒፕ ኮምፓይል ይህን ይሰራል።
3. የተቆለፈውን ፋይል ኮሚት አድርጉ፣ ማለትም የሪፖው ታሪክ ውስጥ መዝግቡት። «በራሱ የሚፈጠር ስለሆነ አያስፈልግም» ብሎ የሚያጠፋው ሰው አይጠፋም። ከፋይሉ አናት ላይ አንድ መስመር ጻፉለት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፒፕ ፍሪዝን ከራሳችሁ የዕለት ተዕለት ላፕቶፕ ላይ አታስኪዱ። ያለውን ሁሉ ነው የሚዘረግፈው። የኛ ዝርዝር ውስጥ አንድ ጊዜ የቪዲዮ ማውረጃ ተገኝቶበታል። ቀን ለሚቀይር ላይብረሪ!

ደረጃ 4፦ ገጹን ጻፉ

አራት ፋይል ይበቃችኋል። ሪድሚ ለሚያልፍ ሰው ነው፦ ምንድነው፣ ምን ይሰራል፣ የት ይኬዳል። ኢንስቶል መጠቀም ለሚፈልግ። ኮንትሪቢውቲንግ ኮዱን ለሚነካ። ቼንጅሎግ ቨርዥን ለሚቀይር። ትንሽ ፕሮጀክት ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ቢሆኑም አያጣላም። ኢንስቶሉን ግን አታሳጥሩ፤ ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚያ ላይ ነው።

እያንዳንዱ እርምጃ አራት ነገር ይመልስ፦ የት ሆኜ? ምን ልጻፍ? ምን አያለሁ? ካላየሁስ? ሁለተኛውን ሁሉም ይጽፈዋል። ሰው የሚጠፋው በቀሩት ሦስቱ ነው። ከኛ ኢንስቶል ፋይል አንዱን እርምጃ እንዳለ ላሳያችሁ፦

«6. መስራቱን አረጋግጡ። ቦታ፦ የፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር፤ ቬንቩ በርቶ የተርሚናሉ መስመር መጀመሪያ ላይ ስሙ መታየት አለበት። ከስር ያለውን ትዕዛዝ ለጥፉና መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ምን ላይ እንደሚውል ጠይቁት። የሚመጣው፦ ሴፕቴምበር 12፣ 2023። ሴፕቴምበር 11 ካለ የተጫነው አሮጌው ቨርዥን ነው፤ ወደ እርምጃ 3 ተመለሱ። በቀኑ ፈንታ ኢረር ካመጣ ቬንቩ ጠፍቶ ይሆናል፤ ወደ እርምጃ 2 ተመለሱ።»

ቀኑን ዝም ብለን አልመረጥነውም። 2015 ጳጉሜን 6 ቀን የነበረችበት ዓመት ስለሆነ ተከታዩ አዲስ ዓመት በ12 ዋለ። አሮጌው ኮዳችን የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነበር። እናንተም ማረጋገጫ ስትመርጡ፣ የተበላሸ ቢልድ በአጋጣሚ የማያልፈውን ምረጡ። «ሰላም ዓለም» ብሎ ማተም ምንም አያረጋግጥም።

በአማርኛ ስትጽፉ የሚያጋጥሙ ወጥመዶች

ይህን ክፍል የውጭ መመሪያ አይነግራችሁም፤ እኛን ግን በጣም አስለቅሶናል።

ትዕዛዝ ውስጥ የገባ የአማርኛ ምልክት። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እያለ ሁለት ነጥብ ወይም ነጠላ ሰረዝ ትመታላችሁ። ስክሪን ላይ ሲታይ ልዩነቱ አይያዝም፣ ተርሚናሉ ግን አያውቀውም። ዎርድ ላይ ከጻፋችሁት ደግሞ ይብሳል። ቀጥ ያለውን ጥቅስ ያጎብጠዋል፣ ሁለቱን አጭር ሰረዝ ወደ አንድ ረጅም ይቀይረዋል። መመሪያውን በኮድ ኤዲተር ጻፉ። ትዕዛዙ ብቻውን በኮድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ፣ አራት ነጥብም አይከተለው።

ዊንዶውስ ላይ የተበላሸ ፊደል። አማርኛው ሁሉ የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ከመጣና በየሦስት ምልክቱ መጀመሪያ ላይ ጭረት ያለባት ያቺው ኤ ከተደጋገመች፣ ፋይሉ አልተበላሸም። በዩቲኤፍ 8 የተጻፈው በሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የመቀየሪያ ስርዓት) እየተነበበ ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት በተለመዱት ፊደሎቻችን ሁሉ ያው አንድ ነው። ለዚህ ነው ኤዋ የምትደጋገመው። ኮዱ ውስጥ ፋይል በተከፈተ ቁጥር ኢንኮዲንጉን በግልጽ ጻፉ። ለጊዜው ለመውጣት ደግሞ ፓይተን ዩቲኤፍ 8 የሚባለውን የኢንቫይሮመንት ቫሪያብል 1 አድርጉት።

ቀንና ሰዓት። ቼንጅሎግ ላይ «ሰኔ 2016» ተብሎ ተጽፎ ኮሚቱ 2024 ካለ አንባቢ ይጠፋበታል። የኛ ደንብ፦ ፋይል ስምና ቼንጅሎግ ላይ የፈረንጁ ቀን፣ ዓመት ቀድሞ፣ ከዚያ ወር፣ ከዚያ ቀን። አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ የኛው ቀን ከነ«ዓ.ም.»ው። «3 ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ይዘጋል» ብሎ መጻፍ ክልክል ነው፤ ጠዋት ይሁን ማታ፣ በኛ ይሁን በፈረንጅ ይለይ።

የፊደል ዝርያ። «ሥሪት» ብላችሁ ጽፋችሁ ሰው «ስሪት» ብሎ ቢፈልግ አያገኝም። አንዱን ምረጡ፣ ኮንትሪቢውቲንግ ላይ አስፍሩት፣ ተከራክራችሁ ጨርሱ። የኢረር መልእክትን ግን በፍጹም አትተርጉሙ። ሰው የሚፈልገው ስክሪኑ ላይ ያየውን ቃል በቃል ነው። ትርጉሙን ከስሩ ጨምሩለት።

ደረጃ 5፦ ፕሮግራሙ ራሱ ማንነቱን ይናገር

ችግር የሚያሳውቅ ሰው «አዲሱን ነው የያዝኩት» ይላል። አዲሱ የቱ ነው? ፕሮግራማችሁ ቨርዥኑን፣ የኮሚቱን መለያ፣ የፓይተኑን ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በአንድ ትዕዛዝ እንዲያወጣ አድርጉ። ከዚያ የኢሹ (የችግር ማሳወቂያ) ቅጹ የመጀመሪያ ጥያቄ «የዚህን ትዕዛዝ ውጤት ለጥፉ» ይሁን።

ቨርዥኑን በእጅ ሁለት ቦታ አትጻፉ። ከጊት ታግ ይምጣ፤ ጊት የኮዱን ለውጥ የሚመዘግበው መሳሪያ ነው፣ ታግ ደግሞ ለአንድ ኮሚት የሚሰጥ ስም። አሰራሩ ቀላል ነው፤ የሚሰናከልበት ግን ብዙ ነው።

ታጉ ሰው ጋ አልደረሰም። ተራ ጊት ፑሽ ታግ አይልክም። ታጉን ለብቻው ፑሽ አድርጉ። ይህን ኮንትሪቢውቲንግ ላይ በደማቁ ጻፉት።

ታጉ አለ፣ ጊት ዲስክራይብ ግን አያየውም። ትዕዛዙ ሳይጨመርበት የሚያየው ማብራሪያ የተጻፈባቸውን ታጎች ብቻ ነው። ቀላሉን ዓይነት ታግ ከፈጠራችሁ ይዘለዋል። ሁልጊዜ ማብራሪያ ያለውን ፍጠሩ።

ዳታ ለመቆጠብ ታሪኩን ቆርጦ ያወረደ ሰው። ዴፕዝ 1 ብሎ ክሎን ያደረገ (ሪፖውን ወደ ማሽኑ የገለበጠ) የመጨረሻውን ኮሚት ብቻ ነው የሚያገኘው። ታግ ላይኖረው ይችላል፣ ቨርዥኑም የተሳሳተ ቁጥር ይሆናል ወይም ቢልዱ ይቆማል። አንሻሎው በሚለው አማራጭ ፌች ካደረገ ቀሪው ይመጣለታል። ጊትሀብ የሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ስራን በራሱ የሚያስኬደው የጊትሀብ አክሽንስ ቼክአውትም ሳይነገረው የሚያወርደው አንድ ኮሚት ብቻ ነው፤ የፌች ዴፕዙን 0 አድርጉት።

ዚፕ ያወረደ ሰው። ጊትሀብ ላይ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጭኖ ዚፑን ያወረደ ጭራሽ የጊት ፎልደር የለውም። ተማሪዎች አብዛኞቹ እንዲህ ነው የሚያወርዱት። ኢንስቶሉ መጀመሪያ ላይ «ዚፑን አታውርዱ» በሉ፤ ማውረዳቸው ግን አይቀርም። ስለዚህ ቢልዱ ጊት ሲያጣ ከመሞት ይልቅ «ቨርዥኑ አልታወቀም» ብሎ እንዲቀጥል አድርጉ።

ደረጃ 6፦ ኢንተርኔት ለሌለው መንገድ አዘጋጁ

ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ግማሽ ላይ የተቋረጠ ክሎን ከመጀመሪያው ነው የሚጀምረው። እኛ አሁን አንድ ፍላሽ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ትመላለሳለች። ውስጧ ሁለት ነገር አለ።

1. የጊት በንድል። ሪፖው ከነታሪኩና ከነታጉ በአንድ ፋይል። ሁሉንም በሚለው አማራጭ ፍጠሩት። ተቀባዩ ከፋይሉ ላይ ክሎን ያደርጋል። ከዚያ የሪሞቱን (አዲስ ለውጥ የሚመጣበትን ቦታ) አድራሻ ወደ ትክክለኛው ሪፖ መቀየር አለበት። ይህን ከረሳ ፑል ባደረገ ቁጥር የሚጠይቀው ፍላሿን ነው።
2. የዲፔንደንሲ ፎልደር። ፒፕ ዳውንሎድ ፓኬጆቹን ሳይጭን ያወርዳል። ተቀባዩ ኢንተርኔት እንዳይፈልግ ነግሮት ከፎልደሩ ይጭናል።

ጥንቃቄ፦ ፒፕ ዳውንሎድ የሚያመጣው ትዕዛዙ ለተሰጠበት ማሽን የሚሆነውን ነው። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችሁት ኡቡንቱ ላይ፣ ለ3.10 ያወረዳችሁት 3.12 ላይ ላይገባ ይችላል። ለእያንዳንዱ የተለየ ፎልደር ፍጠሩ፣ የፎልደሩ ስም ላይ ሲስተሙንና ቨርዥኑን ጻፉ። አንድ ቅዳሜ አራት ላፕቶፕ ላይ «ተስማሚ ፓኬጅ አልተገኘም» እያለ አውሎናል። ፎልደሩ የዊንዶውስ ነበር።

ደረጃ 7፦ መመሪያው ከኮዱ ጋር አብሮ ይራመድ

የተጻፈው መመሪያ እስከ ቀጣዩ ለውጥ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ሦስት ነገር ያቆየዋል።

1. ቢልዱን የሚነካ ፑል ሪኩዌስት («ለውጤ ይግባልኝ» የሚል ጥያቄ) ኢንስቶሉን ካልነካ አይግባ። «ሰነዱን በኋላ» የሚባል በኋላ አይመጣም። የፑል ሪኩዌስት ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨምሩ፦ «ከባዶ ማሽን የሚጀምር ሰው አዲስ ነገር ማድረግ አለበት?» አስር ሳጥን ያለው ቅጽ ማንም አያነብም፤ ሁሉንም ምልክት አድርጎ ያልፋል።
2. ሲአዩ (ኮዱን በየጊዜው በራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) መመሪያውን ራሱን ያስኪድ። ሲአዩ ላይ የራሱ የተለየ የመጫኛ ትዕዛዝ ካለ፣ ሲአዩ አረንጓዴ ሆኖ መመሪያው ሞቶ ሊሆን ይችላል። የኢንስቶሉን ትዕዛዞች አንድ ስክሪፕት ውስጥ አስገቡና ሁለቱም እሱን ይጥሩ።
3. ኮድ ባይቀየርም በየሳምንቱ ይሩጥ። ውጭ ያለው ዓለም ይቀየራል። እኛ ሰኞ ጠዋት በ3 ሰዓት እናስኬደዋለን። ክሮን (የጊዜ ሰሌዳው) ላይ የሚጻፈው ግን 6 ነው፤ ጊትሀብ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ስለሚቆጥር ከኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት በፈረንጁ 9፣ ሦስት ሲቀነስ 6።

ሌላም አለ። በፐብሊክ ሪፖ ላይ 60 ቀን ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ጊትሀብ የጊዜ ሰሌዳውን ያጠፋዋል። ፈተና ደርሶ ሁሉም ሰው ከጠፋ በኋላ ስትመለሱ መጀመሪያ እሱን እዩ። «ቀይ የለም» ማለት «ይሰራል» ማለት ላይሆን ይችላል። ጭራሽ አልሮጠም ይሆናል።

የእንግሊዝኛና የአማርኛ ቅጂ ካላችሁ፣ የአማርኛው አናት ላይ «ይህ ገጽ ከእንግሊዝኛው ጋር የተስተካከለው በዚህ ኮሚት ነው» ብላችሁ መለያውን አስፍሩ። ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛው ላይ የተቀየረውን በጊት ዲፍ ማየት የደቂቃ ስራ ነው። ያለዚያ ሙሉውን ማወዳደር ይመጣል። ያንን ማንም አያደርገውም።

ደረጃ 8፦ ለማያውቀው ሰው ስጡትና አፋችሁን ዝጉ

አሁን ያንን ሰው ጥሩት። የራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይምጣ። የሪፖውን አድራሻ ስጡትና ከጀርባው ተቀመጡ።

1. አትናገሩ። ሲጠይቃችሁ «አንተ ምን ታደርግ ነበር?» ብቻ በሉ።
2. ስክሪኑን አትንኩ። ጣታችሁንም አትጠቁሙ።
3. ሰዓት ያዙ። ከሁለት ደቂቃ በላይ የቆመበትን መስመር ሁሉ ጻፉ።
4. ወደ ኋላ ተመልሶ ያነበበውን መስመርም ጻፉ። አልወደቀም፣ ግን አልገባውም።
5. ሲጨርስ፣ ወይም ሲሰለቸው፣ የጻፋችሁትን እዚያው አብራችሁ አስተካክሉ። ኮሚቱን እሱ ያድርግ። ከዚያ በኋላ የፕሮጀክቱ ሰው ነው።

ዝም ማለቱ ከሁሉም ይከብዳል። ኮምቦልቻ አንድ ጊቢ ውስጥ ቡና እየተፈላ ይህን ስናደርግ፣ ልጅቷ ትዕዛዙን ተርሚናል ውስጥ ሳይሆን የፓይተኑ ሦስት ቀስት ውስጥ ስትለጥፍ አየኋት። ሲንታክስ ኢረር። ደግማ ለጠፈችው። ሲንታክስ ኢረር። ቶናው ሲቀዳ ገና እዚያው ናት፤ እኔ ደግሞ ስኒዬን ጨብጬ ከንፈሬን ነክሻለሁ። በመጨረሻ ዞር ብላ «ይሄ ነገር የት ነው የሚጻፈው?» አለች።

ኢንስቶሉን ከፈትኩ። «የት ሆኜ» የሚለው ከእርምጃ 2 እስከ 6 ሁሉም ላይ አለ። እርምጃ 1 ላይ የለም።